በወረርሽኝ ወቅት የፖሊስ አባላትን የሥራ ውጥረት መቀነስ

መግቢያ

የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ-19 ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መሆኑን መጋቢት 2 ቀን 2012 ዓ.ም. አስታወቀ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 4 ቀን፣ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የቫይረሱ ተጠቂ መገኘቱ ተገለጸ። መጋቢት 30 ቀን ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አዋጁን ተከትሎ ከአራት ሰዎች በላይ ሆኖ መሰብሰብና በእጅ መጨባበጥ ተከለከለ፤ የሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች ከመጫን አቅማቸው ከግማሽ በላይ እንዳይጭኑ ተደነገገ፤ በሕዝብ መገልገያ ስፍራዎች የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ማድረግ ግዴታ ሆነ። እነዚህን ክልከላዎች በየገበያው፣ በየመናኸሪያውና በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ የማስከበሩ ኃላፊነት በዋነኛነት የወደቀው በፖሊስ አባላት ላይ ነበር።

የጤና ባለሙያዎች በወረርሽኝ ጊዜ ስለሚደርስባቸው ድካም ብዙ ተብሏል። ስለ ፖሊስ አባላት የተባለው ግን ጥቂት ነው። የፖሊስ አባል ቀድሞ ይሠራው የነበረውን ወንጀል የመከላከል ሥራ ሳይተው አዲሱን ኃላፊነት ደርቦ ይዞ ነበር። ከብዙ ሰው ጋር በየቀኑ ስለሚገናኝ ለበሽታው የመጋለጥ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ከዚህም ሌላ ሕዝቡ የማይወደውን ትእዛዝ ለሕዝቡ የሚያደርስ እርሱ ነው።

ይህ ትምህርት በሰሜን ሸዋ ዞን በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ የሚያገለግሉ የፖሊስ አባላትን የሥራ ሁኔታ ምሳሌ በማድረግ፣ ውጥረት ምን እንደሆነ፣ በምን እንደሚታወቅና በሥልጠና እንዴት እንደሚቀነስ ያስረዳል። የተዘጋጀው ለፖሊስ አባላት ብቻ አይደለም። የፖሊስ ቤተሰብ፣ የአካባቢ ሽማግሌ፣ የሃይማኖት አባት፣ ነጋዴና ገበሬ ሁሉ ሊያነበው ይገባል። ያልተረጋጋ ፖሊስ የሚናገረው ቃልና የሚወስደው እርምጃ የሚደርሰው በኅብረተሰቡ ላይ ነውና፤ የተረጋጋ ፖሊስም የሚጠቅመው መልሶ ኅብረተሰቡን ነው።

ውጥረት ምንድን ነው?

ውጥረት ሰው ከአቅሙ በላይ መስሎ የታየው ነገር ሲገጥመው ሰውነቱና አእምሮው የሚሰጡት ምላሽ ነው። አሜሪካዊው የሰውነት ሥርዓት ተመራማሪ ዋልተር ካነን እ.ኤ.አ. በ1915 ባሳተመው ሥራው፣ ፍጡር አደጋ ሲያይ ሰውነቱ ለመጋፈጥ ወይም ለመሸሽ እንደሚዘጋጅ አስረድቷል። አድሬናሊን የተባለው ንጥረ ነገር በደም ውስጥ ይረጫል፤ ልብ በፍጥነት ይመታል፤ ትንፋሽ ይፈጥናል፤ ጡንቻ ይወጠራል፤ የምግብ መፈጨት ይዘገያል። ይህ ሁሉ ሰውን ከአደጋ የሚያድን ተፈጥሯዊ ሥርዓት ነው። ሌባ የሚያሳድድ ፖሊስ ያለዚህ ምላሽ አንድ እርምጃ አይራመድም።

ችግሩ የሚመጣው ምላሹ ሳያባራ ሲቀር ነው። ሃንስ ሰልየ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1936 ባቀረበው ጽሑፍ ጫናው ሳይቋረጥ ሲቀጥል ሰውነት በመጀመሪያ እንደሚደነግጥ፣ ቀጥሎ እንደሚቋቋም፣ በመጨረሻም እንደሚዝል አመልክቷል። ለሳምንታትና ለወራት የቆየ ውጥረት ኮርቲሶል የተባለውን ንጥረ ነገር ሥርዓት ያዛባል፤ እንቅልፍ ያሳጣል፤ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ሰውነት በሽታን የመከላከል አቅሙን ያዳክማል፤ ማስታወስንና በሰከነ መንፈስ መወሰንን ያስቸግራል። ስለዚህ ውጥረት የፍርሃት ወይም የስንፍና ምልክት አይደለም። ብርቱ ሰውም ከባድ ሸክም ተሸክሞ ሳያርፍ ብዙ መንገድ ከሄደ ትከሻው ይዝላል።

የደጋው ፖሊስ ልዩ ጫና

መሐል ሜዳ፣ ሞላሌ፣ ራቤልና ዓለም ከተማ ከደብረ ብርሃን የሚርቁ የወረዳ ከተሞች ናቸው። የመንዝ ከፍታ በብዙ ስፍራ ከባሕር ጠለል በላይ 3000 ሜትር ይደርሳል፤ ሌሊቱ ብርዳም ነው። መርሐቤቴ በጀማና በወንጭት ሸለቆዎች የተከበበ በመሆኑ ከአንዱ ቀበሌ ወደ ሌላው መሄድ ገደል መውረድና ዳገት መውጣት ይጠይቃል። የፖሊስ አባል ጥሪ ሲደርሰው ብዙ ጊዜ መኪና በማይደርስበት መንገድ በእግሩ ይጓዛል።

ከመልክዓ ምድሩ ይልቅ የሚከብደው ግን የሥራው ባሕርይ ነው። በትልቅ ከተማ ፖሊስና ተገልጋይ አብዛኛውን ጊዜ አይተዋወቁም። በወረዳ ከተማ ግን ፖሊሱ የሚያስቆመው ሰው ጎረቤቱ፣ የክርስትና አባቱ፣ የልጁ መምህር ወይም የእድር ዳኛው ነው። በ2012 ዓ.ም. የትንሣኤ በዓል ሚያዝያ 11 ቀን ሲውል፣ አዋጁ ከታወጀ ገና ሁለት ሳምንት አልሞላውም ነበር። ሁለት ወር ገደማ ጾሞ በዓሉን በቤተ ክርስቲያን ለማክበር የሚጠብቅን ምእመን «እባክዎ በቤትዎ ይጸልዩ» ማለት ለፖሊሱ ቀላል አይደለም፤ እርሱ ራሱ አብሮ ጾሟልና።

ለቅሶም እንዲሁ ነው። በዚህ አገር ሐዘንተኛን ብቻውን መተው ነውር ነው። ለቀስተኛ እንዲበተን የሚያዝዝ ፖሊስ ሕግን ሲያከብር ባህልን የደፈረ ይመስለዋል። በደጋው ኅብረተሰብ ሰው ጭንቀቱን የሚያቃልልባቸው መንገዶች ማኅበር፣ ሰንበቴ፣ ለቅሶና የቡና ጊዜ ናቸው። ወረርሽኙ በቅድሚያ የገደበው እነዚህኑ ነው። ስለሆነም የፖሊስ አባል የሌላውን ሰው ማጽናኛ የሚከለክል ብቻ ሳይሆን የራሱንም ማጽናኛ ያጣ ሆኖ ነበር።

በዚህ ላይ በሽታውን ወደ ቤት ይዞ የመግባት ሥጋት ይጨመራል። ቀኑን በገበያ የዋለ ፖሊስ ማታ ልጁ ሮጦ ሲመጣበት ማቀፍ ይፈራል። አረጋዊት እናቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ካሉ ሥጋቱ ይበረታል። ይህ ፍርሃት ለማንም ሳይነገር ሲቆይ በቁጣ፣ በዝምታ ወይም በመጠጥ ይገለጣል።

የውጥረት ምልክቶች

ምልክቶቹን አስቀድሞ ማወቅ የሥልጠናው መጀመሪያ ነው። ከሚከተሉት አንዱ ለአንድ ቀን መታየቱ አያሳስብም። ብዙዎቹ አብረው ሲታዩና ከሁለት ሳምንት በላይ ሲቆዩ ግን ትኩረት ይሻሉ።

• በሰውነት ላይ፦ ራስ ምታት፣ የአንገትና የትከሻ መወጠር፣ የልብ ምት መፍጠን፣ የጨጓራ ሕመም፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስ፣ እንቅልፍ ማጣት ወይም በቅዠት መባነን።

• በስሜት ላይ፦ በጥቂት ነገር መቆጣት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ሐዘን፣ ተስፋ መቁረጥ፣ ቀድሞ ደስ ያሰኝ በነበረ ነገር አለመደሰት።

• በአስተሳሰብ ላይ፦ መርሳት፣ ለመወሰን መቸገር፣ ያለፈን መጥፎ ክስተት ደጋግሞ ማየት፣ ሰው ሁሉ ጠላት መስሎ መታየት።

• በባሕርይ ላይ፦ ከባልደረባና ከቤተሰብ መራቅ፣ ከሥራ መቅረት፣ ጠላና አረቄ ማብዛት፣ በተገልጋይ ላይ መጮህ፣ አስፈላጊ ያልሆነ ኃይል መጠቀም።

በደጋው አንድ ማሳሰቢያ መጨመር ያስፈልጋል። በ3000 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ላይ ካለው 70 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ስለዚህ ከቆላ ተዛውሮ የመጣ አባል በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንፋሽ ሊያጥረው፣ ራሱን ሊያመውና እንቅልፍ ሊያጣ ይችላል። ይህ በጥቂት ቀናት የሚለመድ የከፍታ ምላሽ ሊሆን ይችላል። ሆኖም የትንፋሽ ማጠር ከትኩሳትና ከሳል ጋር ከመጣ ውጥረት ነው ብሎ መተው አይገባም፤ ራስን ከሌሎች ለይቶ በአቅራቢያ ላለ ጤና ተቋም ማሳወቅ ይገባል።

የሥልጠናው ይዘት

ውጥረትን መቀነስ እንደ ማንኛውም የፖሊስ ሙያ በትምህርትና በልምምድ የሚገኝ ችሎታ ነው። ትጥቅን መፍታትና መግጠም አንድ ጊዜ ሰምቶ እንደማይቻል ሁሉ፣ በቁጣ መካከል ራስን ማረጋጋትም በወሬ ብቻ አይገኝም። ሥልጠናውን ለመስጠት የግድ የአእምሮ ሐኪም አያስፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት ባዘጋጀው ባለ አምስት ክፍለ ጊዜ የቡድን ሥልጠና ላይ በኡጋንዳ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ጥናት ለዚህ ማስረጃ ነው። በጥናቱ 694 የደቡብ ሱዳን ስደተኛ ሴቶች የተሳተፉ ሲሆን፣ ሥልጠናው የተሰጠው በተቀረጸ ድምፅና አጭር ሥልጠና በወሰዱ አስተባባሪዎች ነበር። ከሦስት ወር በኋላም ሥልጠናውን ያገኙት ሴቶች ጭንቀት ካላገኙት ይልቅ ቀንሶ ተገኝቷል። ድርጅቱ በዚያው ዓመት ማንም ሰው በየዕለቱ ጥቂት ደቂቃ ሊለማመደው የሚችል ሥዕላዊ መመሪያም አሳትሟል።

በወረዳ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ደረጃ ሥልጠናውን በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በአምስት ክፍለ ጊዜ መስጠት ይቻላል። ሠልጣኞች በጥቂት ቁጥር ተከፍለው በግቢ ውስጥ፣ በገላጣ ስፍራ፣ ሁለት ሜትር ተራርቀው ይቀመጣሉ። የአለቃና የበታች ልዩነት ንግግርን እንዳያግድ ተመሳሳይ ማዕረግ ያላቸው በአንድ ቡድን ቢሆኑ ይመረጣል።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ፦ ውጥረትን ለይቶ ማወቅ። ሠልጣኙ ከላይ ከተዘረዘሩት ምልክቶች በራሱ ላይ ያያቸውን ይጽፋል። ጽሑፉን ለማንም እንዲያሳይ አይገደድም። ቀጥሎ በሥራው ውስጥ ይበልጥ የሚያስጨንቁትን ሦስት ሁኔታዎች ይለያል፤ ከእነዚህም ሊለውጠው የሚችለውንና የማይችለውን ያስቀምጣል። ወረርሽኙን ማስቆም አይችልም፤ እጁን መታጠብ፣ መሸፈኛውን በአግባቡ ማድረግና ወደ ቤት ሲገባ የደንብ ልብሱን ለብቻ ማስቀመጥ ግን ይችላል። ልብሱን ለውጦና ታጥቦ መግባት ቤተሰብን ከመጠበቁም በላይ ሥራን ከደጅ ትቶ የመግባት ምልክት ይሆነዋል።

ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ፦ በትንፋሽ መረጋጋት። ሠልጣኙ ጀርባውን አቅንቶ ይቀመጣል፤ አንድ እጁን ሆዱ ላይ ያሳርፋል። እስከ አራት እየቆጠረ በአፍንጫው ቀስ ብሎ አየር ያስገባል፤ ሆዱ ከፍ ማለቱን ያስተውላል። ከዚያ እስከ ስድስት እየቆጠረ ቀስ ብሎ ያስወጣል። ይህን ለአምስት ደቂቃ ይደጋግማል። አየር ሲወጣ የልብ ምት በተፈጥሮው ስለሚዘገይ፣ የማስወጫውን ጊዜ ማስረዘም ሰውነትን ያረጋጋል። ከፍታ ባለበት አገር ትንፋሽን አፍኖ ማቆየት አይመከርም፤ የማዞር ስሜት ከመጣ ልምምዱን አቁሞ እንደ ልማዱ መተንፈስ ይበቃል። ልምምዱ በየጠዋቱ ከተደረገ፣ ግርግር በተነሳ ጊዜ በሦስት ትንፋሽ ብቻ ሊያገለግል ይችላል።

ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ፦ ጡንቻን ማላላትና እንቅልፍን መጠበቅ። ኤድመንድ ጃኮብሰን የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1929 ባሳተመው መጽሐፍ ያስተማረው ዘዴ እስካሁን በሥራ ላይ ነው። ሠልጣኙ የእጁን ጡንቻ ለአምስት ሰከንድ ያህል ጨምድዶ ይይዝና በአንድ ጊዜ ይለቀዋል፤ በመጨምደድና በመላላት መካከል ያለውን ልዩነትም ልብ ይላል። ከዚያ ወደ ትከሻ፣ ወደ ፊት፣ ወደ ሆድ፣ ወደ እግር ይሄዳል። ከሌሊት ጥበቃ የተመለሰ አባል ከመተኛቱ በፊት ቢለማመደው ይጠቅመዋል። አረቄ እንቅልፍ ያመጣል የሚለው ግምት ግን ስሕተት ነው። መጠጥ ቶሎ ያስተኛል፤ በሌሊቱ አጋማሽ ግን እንቅልፍን ይቆራርጣል፤ በማግስቱም ቁጣን ያባብሳል።

አራተኛው ክፍለ ጊዜ፦ በሰከነ ቃል ሕግን ማስከበር። ቁጣ ቁጣን ይወልዳል። ሠልጣኞች ሁለት ሁለት እየሆኑ በገበያ፣ በመናኸሪያና በለቅሶ ቤት የሚያጋጥሙ ሁኔታዎችን ይለማመዳሉ። ንግግሩ ሦስት ነገሮችን ይይዛል፦ ሰላምታና አክብሮት፣ የክልከላው ምክንያት፣ ሰውየው ሊያደርግ የሚችለው አማራጭ። ለምሳሌ በለቅሶ ስፍራ ለተገኙ አዛውንት «አባቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ሐዘንዎ የእኔም ሐዘን ነው። በሽታው በዕድሜ የገፉትን ስለሚበረታባቸው ነው የምንለምንዎ፤ እርስዎ ከዚህ ይቀመጡ፣ ለቀስተኛው ጥቂት ጥቂት እየሆነ ከሩቅ ይሰናበትዎ» ማለት ይቻላል። አማራጭ የተሰጠው ሰው እንደተዋረደ አይሰማውም። ፖሊሱም ከራሱ ኅሊና ጋር አይጣላም፤ ወገኑን ከሞት እየጠበቀ መሆኑን በራሱ አፍ ተናግሯልና።

አምስተኛው ክፍለ ጊዜ፦ ባልደረባን መደገፍ። የዓለም ጤና ድርጅትና አጋሮቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ ሦስት ቃላትን መሠረት ያደርጋል፦ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። ማየት የባልደረባን የባሕርይ ለውጥ ልብ ማለት ነው። ማዳመጥ ሳያቋርጡ፣ ሳይፈርዱና «አይዞህ፣ ይህ ምን አላት» ብለው ሳያቃልሉ መስማት ነው። ማገናኘት ደግሞ ከቤተሰብ፣ ከአለቃ ወይም ከጤና ባለሙያ ጋር ማቀራረብ ነው። የሰማውን ምሥጢር መጠበቅ የደጋፊው ግዴታ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ አንዱን የሚያጎብጥ ጭንቀት በባልደረቦች መካከል ሲከፋፈል ይቀላል። በመሆኑም እያንዳንዱ አባል በየዕለቱ ደኅንነቱን የሚጠይቀው አንድ ባልደረባ ቢመደብለት መልካም ነው።

ሥልጠና ብቻውን ለምን አይበቃም?

እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ አንድ የጥናቶች ግምገማ ለፖሊስ አባላትና ለምልምሎች የተሰጡ የውጥረት መቀነሻ ሥልጠናዎችን የፈተሹ 12 ጥናቶችን መርምሮ፣ ሥልጠናዎቹ ውጥረትን በጉልህ እንደሚቀንሱ የሚያሳይ በቂ ማስረጃ አላገኘም። ይህ ማለት ሥልጠና ከንቱ ነው ማለት አይደለም። አባሉን ለጥቂት ሰዓት አሠልጥኖ ወደዚያው እረፍት ወደሌለው ሥራ መመለስ ብዙ ለውጥ እንደማያመጣ ግን ያስጠነቅቃል። በአሜሪካ በቡፋሎ ከተማ ፖሊሶች ላይ ለዓመታት የተካሄደ ጥናትም የሌሊት ተረኛነት፣ በተለይ ከእንቅልፍ ማነስና ከትርፍ ሰዓት ሥራ ጋር ሲደረብ፣ ለልብ ሕመምና ለስኳር ከሚያጋልጡ የጤና መዛባቶች ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። እንቅልፍ ያጣን ሰው በምክር ብቻ ማዳን አይቻልም፤ እንዲተኛ ጊዜ መስጠት ያስፈልጋል።

የመንዝ ሰው ይህን ከመሬቱ ያውቀዋል። የጓሳ ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለከብት ግጦሽ ለዘመናት የቆየው ሕዝቡ ስለጠበቀው ብቻ ሳይሆን ስላሳረፈውም ነው። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደነበረ በሚነገረው የቀሮ ሥርዓት ጓሳ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ድረስ ይዘጋ፣ ሣሩ ሲያገግም ይከፈት ነበር። ሳይዘጋ የሚጋጥ መስክ እንደሚራቆት ሁሉ፣ ሳያርፍ የሚሠራ ፖሊስም አንድ ቀን ትዕግሥቱ ያልቃል።

ስለዚህ የፖሊስ ኃላፊዎች የሚከተሉትን ቢፈጽሙ ሥልጠናው ፍሬ ይሰጣል፦

• የሥራ ተራ አስቀድሞ ታውቆ እንዲለጠፍ፣ ከሌሊት ጥበቃ በኋላም በቂ የመኝታ ሰዓት እንዲኖር ማድረግ፤

• የለቅሶ ቤትና የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ጥበቃን የመሰሉ ኅሊናን የሚፈትኑ ምድቦች ዘወትር በአንድ ሰው ላይ እንዳይወድቁ ማፈራረቅ፤

• የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ፣ ሳሙናና ሳኒታይዘር ሳይቋረጥ ማቅረብ፤ በቂ መከላከያ ያለው ሰው ፍርሃቱ ይቀንሳልና፤

• ከፈረቃ በፊትና በኋላ ለአሥር ደቂቃ ሰብስቦ፣ ርቀት አስጠብቆ፣ «ዛሬ ምን ከበደህ? ምን ከበደሽ?» ብሎ መጠየቅ፤

• ሴት አባላት ከሥራ ሲመለሱ በቤት ውስጥ የሚጠብቃቸውን ተጨማሪ ሥራ በምደባ ወቅት ግምት ውስጥ ማስገባት፤

• እርዳታ የጠየቀ አባል በዕድገቱ ወይም በዝውውሩ እንዳይጎዳ በግልጽ ማረጋገጥ።

መቼ ወደ ጤና ባለሙያ መሄድ ይገባል?

ምልክቶቹ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆዩ፣ ሥራንና ቤተሰብን ካወኩ ወይም መጠጥን መቆጣጠር ካቃተ በአቅራቢያ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። በመሐል ሜዳ ሆስፒታል አለ፤ በዓለም ከተማም እናት ሆስፒታል ይገኛል። ከዚያ በላይ ምርመራ ካስፈለገ በደብረ ብርሃን ወደሚገኝ ሆስፒታል፣ እንደ ሁኔታውም በአዲስ አበባ ወደሚገኘው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል መላክ ይቻላል። ጸሎትና ጠበል ለብዙዎች የመጽናኛ ምንጭ ናቸው፤ ከሕክምና ጋርም አብረው ሊሄዱ ይችላሉ። ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ግን ጉዳት ያስከትላል።

«ፖሊስ ሆኖ ተጨነቀ ይሉኛል» የሚለው ፍርሃት ብዙዎችን ከሕክምና ያስቀራል። ይሁንና በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። የእግሩን ስብራት ለሐኪም ማሳየት የማያሳፍረው ሰው እንቅልፍ ማጣቱን ማሳየት ሊያሳፍረው አይገባም።

ሁሉም ሊያውቀው የሚገባ አስቸኳይ ጉዳይ አለ። አንድ አባል «መኖር ሰልችቶኛል» የሚል ከሆነ፣ ንብረቱን ማከፋፈል ከጀመረ ወይም ራሱን ስለመጉዳት ከተናገረ እንደ ቀልድ መታየት የለበትም። ራስን ስለማጥፋት በግልጽና በርኅራኄ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም፤ ይልቁንም ሰውየው እንዲናገርና እርዳታ እንዲያገኝ በር ይከፍታል። በዚህ ጊዜ ብቻውን መተው አይገባም። የጦር መሣሪያውን ለጊዜው ተረክቦ በመሣሪያ ግምጃ ቤት ማስቀመጥና በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ያስፈልጋል። መሣሪያውን መረከብ ቅጣት ሳይሆን ሕይወት ማዳን መሆኑ ለአባሉም ለባልደረቦቹም ሊነገር ይገባል።

የኅብረተሰቡ ድርሻ

የፖሊስን ውጥረት ለመቀነስ ኅብረተሰቡ ያለ ምንም ወጪ ብዙ ሊያደርግ ይችላል። የእድር ዳኞችና የሃይማኖት አባቶች የለቅሶና የክብረ በዓል ሥርዓቱን አስቀድመው በአካላዊ ርቀት ቢያዘጋጁ፣ ፖሊሱ ሐዘንተኛን ለመበተን አይገደድም። ነጋዴዎች በገበያ ቀን የመደብ ርቀታቸውን ራሳቸው ቢጠብቁ ጭቅጭቁ ይቀራል። ተሳፋሪ ከልክ በላይ በተጫነ መኪና አልሳፈርም ቢል የመንገድ ላይ ግጭት ይቀንሳል።

ቤተሰብም ድርሻ አለው። ከሥራ የተመለሰን ሰው በችግር ዝርዝር ከመቀበል ይልቅ እስኪታጠብና ጥቂት እስኪያርፍ መጠበቅ፣ ከዚያም «ዛሬ እንዴት ዋልክ?» ብሎ መስማት ትልቅ ድጋፍ ነው። ልጆችም አባታቸው ወይም እናታቸው ወዲያው የማያቅፏቸው ስለማይወዷቸው ሳይሆን ስለሚጠብቋቸው መሆኑ ሊነገራቸው ይገባል።

በአንጻሩ ፖሊስ ከሥልጣኑ ቢያልፍ፣ ቢሳደብ ወይም ቢማታ ውጥረት ምክንያት ሊሆንለት አይችልም። ተበዳዩ ለቅርብ ኃላፊው የማመልከት መብት አለው። ውጥረትን የመቀነስ ሥልጠና ዋና ዓላማም እንዲህ ያለው በደል ከመድረሱ በፊት መከላከል ነው።

ማጠቃለያ

የወረርሽኝ መከላከል ሥራ በጤና ተቋም ግቢ ብቻ የሚሠራ አይደለም። የትንፋሽ ልምምድ፣ በቂ እንቅልፍ፣ የሰከነ ንግግርና የባልደረባ ድጋፍ ከመሸፈኛና ከሳሙና ጋር አብረው የሚሄዱ መከላከያዎች ናቸው። አባሉ ይለማመዳቸው፤ ኃላፊው ጊዜና እረፍት ይስጥ፤ ኅብረተሰቡም ክልከላውን በፈቃዱ በማክበር የፖሊሱን ሸክም ያቃልል። ሦስቱ ሲተባበሩ ሕግ ያለ ግጭት ይከበራል፤ ሕይወትም ይጠበቃል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በአካባቢው ሰዎች ጭንቀታቸውን የሚያቃልሉባቸው ልማዶች የትኞቹ ናቸው? ርቀትን ጠብቆ የትኞቹን ማስቀጠል ይቻላል?

2. በሚቀጥለው የገበያ ቀን ፖሊስ ሳያስገድድ ነጋዴዎችና ገበያተኞች በራሳቸው ምን ሊያስተካክሉ ይችላሉ?

3. በቤተሰብ ወይም በሥራ ቦታ የባሕርይ ለውጥ የታየበት ሰው ካለ፣ መጀመሪያ ማን ቢያነጋግረው ይሻላል? በምን ቃል?

4. የትንፋሹን ልምምድ ለአንድ ሳምንት በየጠዋቱ ከሞከሩ በኋላ በእንቅልፍና በቁጣ ላይ ምን ለውጥ ታየ?